ላምባ ላምባ የሚለው ቢራ

ይህን የምጽፈው ነቀምቴን አይተው ለማያውቁና ምናልባትም ለማያዩ የጉለሌ ወዳጆቼ ነው። «እስኪ የዚያን የወለጋውን ነገር ንገረን» እያሉ አሰልችተውኛል። በቃል ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ግን በቦታው ሳለሁ አልሳቅሁም፤ አሁንም ባስታወስሁት ቁጥር ድንጋጤው አይለቀኝም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከመንግሥት ቢራ ፋብሪካዎች በአንዱ ቀማሽ ነበርሁ። ሥራዬን የሰማ ሁሉ «ታድለህ!» ይለኛል። ማለዳ በባዶ ሆድ፣ ለብ ያለ ቢራ እየተጉመጠመጡ መትፋት ምን መታደል እንዳለው እኔ እንጃ። በምላሴ ግን እኮራ ነበር። ቢራው የተቀዳበትን በርሜል ቀምሼ እለያለሁ ብል አለቆቼ አያስተባብሉኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ከነቀምቴ ክስ መጣ። አቶ ሽኩር የሚባል የጉራጌ ነጋዴ፣ ከተማው ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው፣ ቆርኪ እየከፈተ ቢራ ይበርዛል ተብሎ ቀበሌ ታስሯል። ለእንግዶች ግብዣ ከእሱ መደብር የተወሰደውን ቢራ የጠጣ አንድ ካድሬ ሲያስመልሰው አድሯል። ቀበሌው ከፋብሪካው ባለሙያ መጥቶ ቀምሶ እንዲመሰክር ጠየቀ። በዚያ ዘመን «የኢኮኖሚ አሻጥር» የተባለበት ሰው ሱቁ ይወረሳል፤ ራሱም ወደ ትልቁ እስር ቤት ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ የሚጠይቅ አይኖርም። የሰው ሕይወት በእኔ ምላስ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ይለፍ ወረቀት ተጻፈልኝና ቢራ በጫነው ኤንትሬ መኪና ተሳፈርሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ሾፌሩ ጋሽ በላይ ነው፤ በወለጋ መንገድ ያረጀ፣ ወሬ የማይሰለቸው ሰው። ከሆለታ እስከ አምቦ ስለ ልጆቹ አወራኝ፤ ከጉደር በኋላ አስፋልቱ ሲያልቅና ጥርሳችን መንገጫገጭ ሲጀምር ስለ መኪናው ሕመም አወራኝ። ጉለሌ ሆኜ ሰኔን የማውቀው በጣሪያ ላይ በሚያንኳኳ ዝናብ ነው። እዚህ ግን ዝናቡ መንገዱን ራሱን ይዞት ይሄዳል። በየኬላው እየወረድን፣ ወረቀታችን እየተገላበጠ፣ ሲመሽ ባኮ ደረስን።

ያረፍንበት ቤት አልጋው መሀሉ የጎደጎደ ነበር፤ እንደተኛሁ ጉልበቴና አገጬ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸው። ባለቤቲቱ አይታ አዝናልኝ የራሷን ፍራሽ አመጣችልኝ። ቤቴ ቢሆን ሚስቴ «ተጣጥፈህ ተኛ» ነበር የምትለኝ።

እራት ላይ ስለ ክሱ ጋሽ በላይን ጠየቅሁት።

«ቢራውን የምታራግፈው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ግማሹን እትዬ ጥሩ ሆቴል፣ ግማሹን ሽኩር መደብር። ስንት ዓመቴ!»

«ታዲያ ከአንድ መኪና ከወረደ ምን ልዩነት አለው?»

ጎንበስ ብሎ ምስጢር እንደሚነግር ሰው ድምፁን ቀነሰ። «የሽኩር ላምባ ላምባ ይላል።»

ሽኩር ከቢራው ጋር ላምባ ይሸጣል፤ ሳሙናም፣ ጨውም፣ ክብሪትም። ግን ጠርሙሱ የታሸገ ነው። ይህንኑ ነገርሁት።

«ልክ ነህ ወንድሜ፤ ከእኔ እጅ ሲወርድ ደህና ነው። እዚያ ሲገባ ይለወጣል። እኔ ራሴ እትዬ ጥሩ ጋ ካልሆነ አልጠጣም።»

ሳጥኑን በገዛ ትከሻው የሚያወርደው ሰው ነው ይህን የሚለኝ!

ሁለተኛው ቀን

አኖ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ጋሽ በላይ መሪውን ያዘ፤ እኔ ልግፋ ብዬ ወርጄ በአፍጢሜ ተደፋሁ። እንዲህ ያለ ጭቃ ጉለሌ ውስጥ አላየሁም፤ ቀይ ነው፣ ጫማ ከያዘ አይመልስም። ከየማሳው ሰዎች መጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም ዋጋ አልጠየቀም። «ኢጆሌ፣ ግፉ!» እየተባባሉ መኪናውን አወጡልን። ጫማዬ ግን አንዱ እዚያው ቀረ።

አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት በአንድ እግር ጫማ ቆሜ አይተው ሳቃቸው አመለጣቸው። «በጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ማሎ፣ ግቡ፣ እሳት አለ» ብለው ወደ ቤታቸው አስገቡን። የሟች ባላቸውን ጫማ አውጥተው ሰጡኝ። አንጮቴ አቀረቡልን፤ ድንች የሚመስል ሥር ነው፣ ተቀቅሎ ተልጦ በቅቤ የራሰ። እኛ ሰፈር ድንች ሌላ ነገር ሲጠፋ የሚበላ ነው፤ ይኼ ግን የድግስ ምግብ ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ።

ከዚያ ፈርሶ ቀዱ፤ የኛ ጠላ ዘመድ ነው። ለእኔ ከማቀበላቸው በፊት ከዋንጫው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ራሳቸው ቀመሱ። ይህ ልማድ እኛም ጋ አለ፤ ከተማ ውስጥ እየተረሳ ነው እንጂ። ለምን እንደመጣሁ ሲሰሙ ዋንጫውን ይዘው ቆሙ።

«የሽኩርን ቢራ ልትቀምስ? ኧረ ማሎ ተው! ላምባ ላምባ ይላል።»

«ቀምሰውት ያውቃሉ እንዴ?»

«እኔ? ቢራ አፌ ገብቶ አያውቅም» አሉ፣ የሰደብኋቸው ያህል ተቆጥተው። «ግን ሰውየው እስላም ነው፤ አይጠጣም። ራሱ ቀምሶ የማይሰጥ ሰው የሚሰጥህን ነገር እንዴት ብለህ ታምናለህ?»

ክው አልሁ። ደግ ሴት ናቸው፤ የባላቸውን ጫማ ለማያውቁት ሰው የሚሰጡ ናቸው። አንድ ጠርሙስ ሳይቀምሱ በአንድ ሰው ላይ ፈርደው ጨርሰዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እውነት ነው፤ ወሬው ነቀምቴን ለቆ አኖ ደርሷል።

ማታ ነቀምቴ ገባን። አልጋ የያዝነው እትዬ ጥሩ ሆቴል ነው። እትዬ ጥሩ የሸዋ ሰው ናቸው፤ ከባላቸው ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ደንበኛ ሁሉ እንደ እናት የሚያያቸው ሴት። ጠርሙስ እንደከፈቱ መጀመሪያ ለራሳቸው ትንሽ ቀድተው ይጎነጫሉ፤ ከዚያ «ጠጡ ልጆቼ» ይላሉ። ስለ ሽኩር ስጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«እግዜር ያውቃል፣ ሽኩር ሌባ አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ እስኪታሰር ድረስ የሚባለውን እንኳ አልሰማም ነበር።»

«ታዲያ ይህን ለምን አይናገሩለትም?»

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ገበያውን የወሰድሁበት እኔ ነኝ፤ አዝናለት ነው ይሉኛል!»

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ቀበሌ ሄጄ ሽኩርን አየሁት። ቀጭን ሰው ነው፤ ቆብ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ዘይነባ ቆጮ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለት መጥታ ከበሩ ውጭ ቆማለች። ማን እንደሆንሁ ስትሰማ ጎንበስ ብላ እጄን ልትስም ስትል በድንጋጤ እጄን ነጠቅኋት። አንጀቴን በላችው።

ከዘይነባና ከጥበቃው ጋር መደብሩን ከፈትን። የላምባው በርሜል በሩ አጠገብ ነው፤ የቢራው ሳጥኖች ወደ ውስጥ፣ ደረቅ ጥግ ላይ። ጠርሙስ እያነሳሁ አየሁ፤ ቆርኪው የፋብሪካው ማሽን እንደነከሰው ነው፣ የተነካ አንድም የለም። ደስ አለኝ። አንዱን ከፍቼ ብርጭቆ ሞላሁና ጎርሼ አቆየሁት።

ላምባ አለ።

እንደገና ቀመስሁ። ላምባ። ሌላ ጠርሙስ ከፈትሁ። ያው ነው፤ በዚያ ላይ ቀጥኗል። ዓይኔ «ታሽጓል» ይለኛል፣ ምላሴ «ተበርዟል» ይለኛል። ዘይነባ ፊቴን ታነባለች። እኔ ፊቴን ወዴት ላድርገው? ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማሁ።

ከተማውን እንደ እብድ ዞርሁ። ነቀምቴ ኮረብታማ ናት፤ ሰዉ ሰላምታው ረጅም ነው። ጉለሌ አንገታችንን ነቅንቀን የምናልፈውን እዚህ «አካም ጂርቱ» ብለው ቆመው ከብቱንም ልጁንም ይጠይቁሃል። እኔ ግን አንዱንም በደንብ አልመለስሁም። በዚያ በርሜል አጠገብ ቆሜ በአፍንጫዬ የሳብሁት ነው እንዴ ምላሴ ላይ የመጣው? ወይስ ከባኮ ጀምሮ በጆሮዬ የገባው? ሳልለይ ብመሰክር የዚህን ሰው ቤት አፈርሳለሁ። ቀጥ ብዬ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄድሁና «ብቻዬን አልመሰክርም፤ የማን እንደሆነ ሳናውቅ በጋራ እንቅመስ» አልሁት።

ሊቀመንበሩ የቀድሞ አስተማሪ ነው፤ ሐሳቡን ወደደው። የቀማሾቹ ምርጫ ግን ጭንቅላቱን አዞረው።

«ጓድ፣ በዚህ ከተማ ቢራ የሚጠጣ ሁሉ ወይ የሽኩር ነው ወይ የጥሩ። ወገን የሌለው የማይጠጣው ብቻ ነው» አለና ፊቱ በራ። «ጴንጤዎቹን እናስቀምስ!»

እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ቀልዱን አልነበረም። በዕድሜያቸው ቢራ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች ስለ ቢራ እንዲፈርዱ ፈልጎ ነው። ኦቦ ዲንሳ የተባሉ የጴንጤ ሽማግሌ ተጠሩ። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የቀበሌው አዳራሽ ከሆነ ቆይቷል፤ እሳቸውም በዚሁ ምክንያት ታስረው የወጡ ናቸው። ከተማው በሙሉ፣ ያሰሯቸውም ጭምር፣ ኦቦ ዲንሳ አይዋሹም ይላል።

«ለኪ፣ አልቀምስም» አሉ። «እንድቀዳ ከሆነ ግን እቀዳለሁ። ለታሰረ ሰው ነውና።»

አራተኛው ቀን

አዳራሹ በሰው ሞላ። ከጥሩም ከሽኩርም አንዳንድ ሳጥን መጣ። ሳጥኖቹ ሊገቡ ሲሉ ኦቦ ዲንሳ በሩ ላይ ቆሙ።

«ቢራ ወደዚህ ቤት አይገባም።»

ይህን የሚሉት በራሳቸው ጸሎት ቤት ላይ ነው፤ አሁን ግድግዳው ላይ መፈክር በተጻፈበት። የታመመው ካድሬ ቀበቶውን እያስተካከለ ተነሣ። እኔ ሰውየው እዚያው ሊታሰሩ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሊቀመንበሩ ግን ጥቂት አሰበና «ውጭ አየር ይሻላል» ብሎ ሕዝቡን ወደ ዋርካው ሥር አስወጣው። ሳጥኖቹ ከዋርካው ፊት ለፊት ወዳለው ጓዳ ገቡ። አዘዝኋቸው፦ «ኦቦ፣ በሁለት ትሪ ቀድተው በቀኝና በግራ ይዘው ይምጡ። የማን እንደሆነ ለማንም አይንገሩ።»

«ኤዬ» ብለው ገቡ።

ቀጂው የማይዋሽ ከሆነ ቀማሹ ማንም ይሁን ተባለ፤ የምንቀምሰው ካድሬው፣ ጋሽ በላይ፣ ከከተማው አንድ አስተማሪና እኔ ነን። ሽኩር በጥበቃ መሀል ቆሟል። ኦቦ ዲንሳ ትሪዎቹን እንደ ትኩስ ወጥ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው መጡ።

ካድሬው ቀደመ። የግራውን ጎርሶ ወዲያው መሬት ላይ ተፋው። «ይኼው! ይኸው ነው የሽኩር! አሁንም ሆዴን ነካኝ!» የቀኙን ጠጣና አፉን ጠረገ። «ቢራ እንዲህ ነው።» አስተማሪው የግራው ሞቷል፣ አረፋውም አይቆምም አለ። ጋሽ በላይ የግራውን ገና አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። በመጨረሻ እኔ ቀመስሁ። ስንት ዓመት በምላሴ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ አምላኬን አስቤ፣ ዓይኔን ዘግቼ ቀመስሁ። የቀኙ ለስላሳ ነው። በግራው ውስጥ፣ ከታች፣ ላምባ አለ።

«የግራው» አልሁ።

ሽኩር አንገቱን ደፋ። ከሕዝቡ መሀል የዘይነባ ልቅሶ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ኦቦ ዲንሳ፣ የግራው የማን ነው?»

«የሽኩር።»

ሕዝቡ ጮኸ። ሊቀመንበሩ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘ። «የቀኙስ የጥሩ ነው፤ አይደል?»

«ለኪ። የቀኙም የሽኩር ነው።»

«እንዴት?»

«የጥሩን ሳጥን አልከፈትሁም» አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ ምን እንዳስገረመን ሳይገባቸው። «የተከሰሰው የሽኩር ነው። ያልተከሰሰውን ለምን ብዬ እከፍታለሁ? ከአንድ ጠርሙስ ግማሹን በቀኝ፣ ግማሹን በግራ አደረግሁ። ጠርሙሱ እዚያ አለ፤ እዩ።»

ከአንድ ጠርሙስ! ላምባውን ቀምሼዋለሁ እኮ፤ አሁንም ምላሴ ላይ አለ! ከየት መጣ? በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ሌባ ቤቴ ገብቶ ባገኘው ይሻለኝ ነበር፤ ይኼኛው አፌ ውስጥ ነው የተገኘው።

ካድሬው ወደ ሽማግሌው ተጠጋ። «አንተ ሰውዬ፣ ማል!»

«እኛ መማል አናውቅም። ያልሁት ያልሁት ነው።»

ሰውየው ከእስር የወጡ ናቸው፤ አንድ ቃል ብቻ ሊመልሳቸው ይችላል። ሊቀመንበሩ መሀል ገባ። ጓዳው ተፈተሸ፤ የጥሩ ሳጥን እንዳለ ነው፣ አንድ ቆርኪ አልተነሣም። ሊቀመንበሩ ካድሬው ያስቀመጠውን የቀኝ ብርጭቆ አነሣ።

«ጓድ፣ ይኼን አሁን በሕዝብ ፊት አመስግነህ ጠጥተሃል። በሽኩር ላይ በየትኛው አፍህ ነው የምትመሰክረው?»

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ሳቀች። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ። ካድሬው ፊቱ ደም መስሎ ተቀመጠ። ሽኩር እዚያው ተለቀቀ። ዘይነባ ሮጣ ስትመጣ የኦቦ ዲንሳን ትሪ ደፋችው፤ እሳቸው ጋቢያቸው ላይ የፈሰሰውን ቢራ በመጸየፍ እያራገፉ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ ያመሰግናሉ። ጋሽ በላይ ግን በጆሮዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የግራው ግን በእውነት ላምባ ላምባ ይል ነበር።»

የመመለሻው ቀን

ጋሽ በላይ የቀረውን ጭነት በማለዳ ዲጋ አድርሶ እስኪመለስ ሽኩር ቤት ምሳ ተጠራሁ። ዘይነባ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ አቀረበች። ሥጋ የለበትም፤ ክርስቲያን መሆኔን አስባ፣ የሷን ሥጋ እምቢ ስል እንዳላፍር ነው። ሳልጠይቃት ይህን ማሰቧ ልቤን ነካው። በላሁ፣ መረቅሁ፣ ሚስቴ እንዲህ ያለ ጎመን እንደማትሠራም ነገርኋት። ሽኩር ግን ብዙ አልበላም።

መኪናው ሲመጣ ሊሸኘኝ ወጣ። መደብሩ በር ላይ ሲደርስ ክንዴን ይዞ አቆመኝና ዙሪያውን አየ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትዋሸኝ። እኔ ቀምሼው አላውቅም፣ ቀምሼውም አልሞት። አንተ አዋቂ ነህ። ነፃ አውጥታችሁኛል፤ አላህ ይስጣችሁ። ግን እውነቱን ንገረኝ፤ የኔው ነው አይደል መጥፎው?»

ይህ ሰው በገዛ ዓይኑ አይቷል፤ ከአንድ ጠርሙስ መቀዳቱን በጆሮው ሰምቷል።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልሁት። «አንድ ነው! ከአንድ በርሜል፣ ባንድ ማሽን፣ ባንድ መኪና የመጣ ነው! የተሳሳተው የኛ ምላስ ነው!»

ፈገግ አለ፤ የታመመን ሰው ሊያጽናና የመጣ ጠያቂ ፈገግታ ነበር፣ ታማሚው ግን እኔ።

«እሺ ወንድሜ። ለኔ ብለህ ነው፤ ይገባኛል። ይኼ ሁሉ ሰው ግን በከንቱ አይተፋም።»

ከዚያ መደብሩ ገብቶ የመጀመሪያውን ሳጥን ራሱ ተሸክሞ ወጣና መኪናው ላይ ጫነው። «እትዬ ጥሩ ጋ አውርዱልኝ» አለ፤ «እሳቸው እጅ ሲገባ ይሻለው ይሆናል።»